ለአንዲት ወንበር ሦስት ምርጫ

(አትላንታ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ከሥራ ወጥታችሁ፣ እራታችሁን እንኳን ሳትበሉ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላወራችሁ ነው። ይህ ሰው ፕሬዚዳንት አልሆነም፤ የግዛት ገዢም አልሆነም፤ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ተሸንፏል። ሃያ ዓመት ያህል ያገለገለው እዚሁ መሐል ከተማ፣ ሁላችንም ከአውራ ጎዳናው ላይ በምናየው ወርቃማ ጉልላት ሥር፣ በጆርጂያ ምክር ቤት ውስጥ ነው። ስሙ ጁልያን ቦንድ ይባላል። ስለ እርሱ ሳወራ «አንቱ» ማለት ሲገባኝ በነጠላ የምጠራው፣ ታሪኩ ሲጀምር ገና የ25 ዓመት ወጣት ስለነበር ነው፤ በአክብሮት ማነስ እንዳትቆጥሩብኝ።

ለምን እርሱን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። የዕጩዎቹ ዝርዝር ረዥም ነበር። ላዩ ላይ ያሉትን የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ዐውቃቸዋለሁና መረጥኩ። ከዚያ በታች ስማቸውን በጆሮዬ ሰምቼ የማላውቅ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉንም ዘልዬ ወጣሁ። የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለበትን ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ኩራት እየተሰማኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የገባኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ከግዛቱ ስንት ብር እንደሚያገኝ፣ መንጃ ፈቃድ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ፣ ጎረቤቴ የጤና መድን ታገኝ ወይስ አታገኝ፣ እኔ ራሴ የትና መቼ ድምፅ መስጠት እንደምችል የሚወስኑት እነዚያ የዘለልኳቸው ሰዎች ናቸው። የጁልያን ቦንድን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ቁጭት ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ለመረዳት መጀመሪያ ስለ ድምፅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ነገሩ ቁጥር ይበዛበታል፤ ታገሡኝ። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች፣ ማለትም የአስተዳደር ወረዳዎች፣ አሏት። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ የሚቆጠረው የሰው ድምፅ ሳይሆን የካውንቲ ድምፅ ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ እውነተኛው ምርጫ ይኸው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው፤ ሪፐብሊካኖች በዚህ ግዛት እዚህ ግቡ የሚባሉ አልነበሩም። ስምንቱ ትልልቅ ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ድምፅ፣ ቀጥለው ያሉት 30ዎቹ 4፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 ድምፅ ነበራቸው። አትላንታ ያለችበት ፉልተን ካውንቲ በ1960 ከ556,000 በላይ ሕዝብ ይዞ 6 ድምፅ ብቻ ነበረው። በፍሎሪዳ ድንበር ላይ ያለችው ትንሿ ኤኮልስ ካውንቲ 1,876 ሰው ይዛ 2 ድምፅ ነበራት። ስናካፍለው፣ ኤኮልስ ውስጥ አንዱ የካውንቲ ድምፅ 938 ሰው ሲወክል፣ ፉልተን ውስጥ 92,721 ሰው ይወክል ነበር። የአንድ ኤኮልስ ነዋሪ ድምፅ የመቶ አትላንታዊ ያህል ይመዝን ነበር ማለት ነው። የአትላንታ ጥቁር ሕዝብ ቢሰለፍም፣ ቢመዘገብም፣ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተሸንፏል።

በማርች 1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አቆጣጠር አፈረሰው። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በጻፉት ውሳኔ፣ የፖለቲካ እኩልነት አንድ ሰው አንድ ድምፅ ከማለት ሌላ ትርጉም እንደሌለው አስረገጡ። በዓመቱ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የግዛት ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት ልክ መከፋፈል አለባቸው አለ። ጆርጂያ ሳትወድ በግድ የምክር ቤቷን ካርታ እንደገና ሳለች፤ በአትላንታ አዳዲስ የምርጫ ክልሎች ተፈጠሩ፤ ለ1965 ልዩ ምርጫ ተጠራ። ከአዲሶቹ ክልሎች አንዱ 136ኛው ነበር።

ጁልያን ቦንድ የተወለደው በጃንዋሪ 14 ቀን 1940 ናሽቪል ውስጥ ነው። አያቱ በባርነት ተወልደው፣ ኋላ ኮሌጅ የጨረሱ ሰው ናቸው። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ የታወቁ የትምህርት ሰው ሲሆኑ፣ ፔንስልቬንያ ያለውን ሊንከን ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው፤ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። እናቱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። እንግዲህ መጽሐፍ በሞላበት ቤት ያደገ ልጅ ነው። በ1957 ወደ አትላንታ መጥቶ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ፤ እዚያም ከዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ፍልስፍና ተምሯል።

በማርች 15 ቀን 1960 የአትላንታ ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ ምግብ ቤቶች ገብተው ተቀመጡ። ቦንድ የመራው ቡድን የሄደው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ምግብ ቤት ነው። ቦንድ በኋላ ደጋግሞ እንዳወራው፣ ደጁ ላይ «ሕዝብ እንኳን ደህና መጣ» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ሴትዮ ቦታው ለሠራተኞች ብቻ ነው አሉት። እርሱም ማስታወቂያውን ጠቀሰላቸው። እሳቸውም የምራችንን አይደለም ብለው መለሱለት፤ ፖሊስ ተጠራ፣ ታሰረ። ይህችን አጭር ንግግር ልብ በሉልኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ የጆርጂያ ምክር ቤት ለዚሁ ሰው የሰጠው መልስ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የተማሪዎቹን ሰላማዊ ትግል የሚያስተባብረው፣ በአጭር ስሙ ስኒክ የሚባለው ኮሚቴ ሲቋቋም ቦንድ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ትምህርቱን አቋርጦ ከ1961 ጀምሮ የኮሚቴው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ሚሲሲፒና አላባማ ውስጥ ሰው ሲደበደብ፣ ሲታሰር፣ ሲገደል ዜናውን ጽፎ ለጋዜጦች የሚልከው እርሱ ነበር። ዲግሪውን የጨረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው።

በ1965 ለ136ኛው ክልል ሲወዳደር ዘመቻውን ያካሄደው ስኒክ በገጠር እንደለመደው ነው። ቤት ለቤት እየዞረ፣ ነዋሪው ምን እንደሚፈልግ እየጠየቀ። ሰዎቹ የነገሩት ደግሞ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ይሁን ብሎ ተወዳደረ፤ የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያዳክመው ሕግ ይሻር አለ። ስለ ደመወዝ ካነሣሁ አይቀር፣ በዛሬዋ ጆርጂያ ሕግ ላይ ተጽፎ ያለው ዝቅተኛ ደመወዝ 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው። አብዛኛው ሠራተኛ 7 ዶላር ከ25 የሚከፈለው የፌዴራሉ ሕግ ስለሚያስገድድ ብቻ ነው። ይህንን ቁጥር መቀየር የሚችለው ያው ወርቃማ ጉልላት ያለው ቤት ነው።

ምርጫው በጁን 15 ቀን 1965 ተካሄደ። ክልሉ 6,500 ያህል መራጮች ነበሩት፤ 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። ተቀናቃኙ ማልኮም ዲን የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የወንድ ተማሪዎች ዲን የነበሩ ጥቁር ሰው ናቸው። ቦንድ 2,320 ለ487 አሸነፈ። ታላቁ የድምፅ መብት ሕግ የተፈረመው ከዚህ በኋላ፣ በኦገስት ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጃንዋሪ 10 ቀን 1966 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ በምትባል ከተማ፣ ሳሚ ያንግ የሚባል ወጣት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለነጮች ብቻ የተባለውን መጸዳጃ ልጠቀም በማለቱ በጥይት ተገደለ። ሳሚ ያንግ በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ የትግሉም አባል የነበረ ልጅ ነው። በጃንዋሪ 6 ስኒክ መግለጫ አወጣ። መንግሥት ለቬትናም ሕዝብ ነጻነት እዋጋለሁ ይላል፣ የራሱን ዜጎች ግን አይጠብቅም አለ፤ ለውትድርና አንመለመልም ለሚሉ ወጣቶችም ድጋፉን ገለጸ። መግለጫውን የጻፈው ቦንድ አልነበረም። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ትስማማለህ ወይ ሲለው ግን እስማማለሁ አለ። የምልመላ ካርዳቸውን ስለሚያቃጥሉት ሲጠየቅም፣ እኔ የራሴን አላቃጥልም፣ የሚመጣባቸውን ቅጣት እያወቁ ለሚያደርጉት ግን ድፍረታቸውን አደንቃለሁ ብሎ መለሰ።

ለማለዘብ በቂ ጊዜ ነበረው፤ ስህተት ነው፣ አፌ አምልጦኝ ነው ቢል ወንበሩን ያገኝ ነበር። አላለም።

75 የምክር ቤት አባላት እንዳይቀመጥ ተቃውሞ አስገቡ። ሰኞ ጠዋት ምክር ቤቱ ሲከፈት ሌሎቹ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቦንድን አላስምልም አለ። በዚያው ቀን አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ የስልክ ቃለ መጠይቁ ከካሴት ተደመጠ። ቦንድ የአሜሪካንንም የጆርጂያንም ሕገ መንግሥት ለማክበር ለመማል ዝግጁ ነኝ አለ። ማንንም ካርድህን አቃጥል ብዬ አልመከርኩም፤ ያልኩት፣ አገር ውስጥ ዴሞክራሲ መገንባትም እንደ አገልግሎት ይቆጠር ነው ብሎ አስረዳ። ማታ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 184 ለ12 ተባረረ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መቶ ዓመት ልመልሳችሁ፤ ያ ምክር ቤት የሚያስታውሰው ነገር አለውና። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ 33 ጥቁሮች ለጆርጂያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመርጠው ነበር። በሴፕቴምበር ነጮቹ አባላት አንድ ሰበብ አመጡ። ሕገ መንግሥቱ ጥቁር እንዲመርጥ እንጂ እንዲመረጥ አይፈቅድም አሉና አስወጧቸው። ከተባረሩት አንዱ ሄንሪ ማክኒል ተርነር የሚባል ሰባኪ ነበር። መብቴን ለመለመን ተንበርክኬ አልመጣሁም፤ እኔ የዚህ ቤት አባል ነኝ ብሎ በዚያው አዳራሽ ተናገረ። በ1870 በፌዴራል መንግሥቱ ጉልበት ተመለሱ፤ ቀስ በቀስ ግን በሩ ተዘጋ። ከ1907 ጀምሮ እስከ 1963 ድረስ፣ ሌሮይ ጆንሰን ሴኔት እስኪገባ፣ በዚያ ቤት አንድም ጥቁር አልተቀመጠም። ዛሬ በምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ ለእነዚያ ሰዎች «በቀለማቸው ምክንያት የተባረሩ» የሚል ሐውልት ቆሞላቸዋል። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ መግቢያ አይከፈልበትም።

ወደ ቦንድ ልመለስ። ክሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሳሾቹ ሦስት ነበሩ፤ ቦንድ ራሱ፣ አንዲት የክልሉ ነዋሪ ሴትና ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ። ኪንግ በዚያን ጊዜ ቫይን ሲቲ በሚባለው ሰፈር ይኖሩ ስለነበር የ136ኛው ክልል መራጭ ናቸው። የኖቤል ሽልማት የተሸለሙ፣ ዓለም የሚያውቃቸው ሰው በዚህ መዝገብ ላይ የሰፈሩት እንደ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ነው። ክሱ በቀላል አማርኛ ሲነገር «ወኪላችንን መልሱልን» ይላል። ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ አንድ አፈኛ ወጣት የቀጣ መስሎት ነበር። የቀጣው ግን 6,500 መራጭ ነው። ወንበሩ የቦንድ ቢሆን ኖሮ ቦንድን በማስወጣት ነገሩ ያልቅ ነበር። ወንበሩ የሰፈሩ ስለነበር ግን ሰፈሩ እንደገና መጣ።

በፌብሯሪ 10 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 2 ለ1 በቦንድ ላይ ፈረደ። ተቃውመው የጻፉት ዳኛ ኤልበርት ተትል ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ከዘረዘረው መስፈርት በላይ ምክር ቤቱ የራሱን መስፈርት መጨመር አይችልም አሉ። በዚያው ወር ክፍት የሆነውን ወንበር ለመሙላት ልዩ ምርጫ ተጠራ። ማን ተወዳደረ? ቦንድ። ማን አሸነፈ? ቦንድ። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለነበር ጉዳዩ ለደንብ ኮሚቴው ቀረበ፤ ቃልህን ታነሣለህ ወይ አሉት፤ አላነሣም አለ፤ አሁንም ሳይምል ተመለሰ። በሴፕቴምበር የመደበኛውን ምርጫ የፓርቲ ማጣሪያ አሸነፈ። በኖቬምበር 8 ደግሞ በከፍተኛ ድምፅ ተመረጠ። በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ያው ሰፈር ያንኑ ሰው ለዚያችው ወንበር ሦስት ጊዜ ላከ። ሥራ ነበራቸው፣ ዝናብ ነበር፣ ተስፋ የሚያስቆርጥም ነገር ነበር። እንደገና ተሰለፉ።

ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 10፣ ክርክሩ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሰማ። የግዛቱ ጠበቆች የሕግ አውጪ ታማኝነት ከተራ ዜጋ ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ሲምል ከልቡ እንደሆነ የምንመዝነው እኛ ነን አሉ። በዲሴምበር 5 ቀን 1966 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለቦንድ ፈረዱ። ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን ናቸው። የእርሳቸው መልስ የጠበቆቹን ክርክር የሚገለብጥ ነው። ሕግ አውጪ አከራካሪ በሆኑ ጉዳዮች ላይ አቋሙን የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ መራጮቹ ማን እንደሆነ የሚያውቁት በዚያ ነውና አሉ። የአንድ ምክር ቤት አብላጫ ድምፅ የአንዱን አባል ልብ ሊመረምር ሥልጣን እንደሌለውም ጨመሩ። ለጠፋው ዘመን ደመወዙ 2,000 ዶላርም ታሰበለት።

በጃንዋሪ 9 ቀን 1967 ማለ። በማግስቱ ምን እንደገጠመው ስሙ። የ1966ቱን የገዢነት ምርጫ ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ፣ በሕጉ መሠረት ገዢውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሆነ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ሪፐብሊካኑ ቦ ካላዌይ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ሌስተር ማዶክስን 182 ለ66 መረጠ። ማዶክስ ምግብ ቤቱ ለመብላት የመጡ ጥቁሮችን ሽጉጥና የዶማ እጀታ ይዞ ያባረረ ሰው ነው። ምርጫውን የሚመሩት ሰው ድምፅህን ስጥ ብለው ቢያዙትም፣ ቦንድ ለአንዱም አልሰጥም ካሉት አሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው የሥራ ሳምንት ይህን ይመስል ነበር።

በ1968 ቺካጎ ላይ በተደረገው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ፣ በማዶክስ የተመረጠውን የጆርጂያ ልዑክ የሚቃወም ሌላ ልዑክ መርቶ ሄዶ የወንበሩን ግማሽ አስገኘ። እዚያው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙ ተጠራ። በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ለዚህ ሥልጣን ስሙ የቀረበ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ሕገ መንግሥቱ 35 ዓመት ይጠይቃል፤ እርሱ 28 ነበር። ይቅርታ ጠይቆ ከዕጩነት ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው የምክር ቤት ዘመኑ ከመጀመሪያው ያነሰ ድምቀት አለው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። በመላ አገሪቱ ተፈላጊ ተናጋሪ ስለነበር፣ ከምክር ቤቱ ሥራ ይልቅ በመድረክ ላይ ይበዛል የሚል ወቀሳ ነበረበት። ወቀሳው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ግን በእርሱ ስም ወይም በአጋርነት ያቀረባቸው ከ60 በላይ ረቂቆች ሕግ ሆነዋል፤ የጥቁር ሕግ አውጪዎችን ማኅበር ካደራጁትም አንዱ ነው። በ1974 ለጆርጂያ ሴኔት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ከ1975 እስከ 1987 ሴናተር ነበር።

በሴኔት ዘመኑ የሠራው ትልቁ ሥራ የካርታ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ1980ው ቆጠራ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ወኪል የሚልከው የአምስተኛው ኮንግረስ ክልል ድንበር ሲሰመር፣ የአትላንታ ጥቁር ሕዝብ በሁለት ክልል ተከፍሎ እንዳይቀር ታገለ። ለዚህም ከሪፐብሊካን ሴናተሮች ጋር ሳይቀር ተባበረ፤ ስሌታቸው ለየቅል ቢሆንም መንገዱ አንድ ነበር። ምክር ቤቱ በመጨረሻ ያወጣው ካርታ ጥቁሮችን 57 በመቶ ያደረገ ነበር። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመምረጥ የተመዘገበው ጥቁር ከዚያ ያነሰ ስለሆነ የመራጩ አብላጫ ያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጉዳዩ ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1982 ዳኞቹ ካርታው ሆን ተብሎ ለማዳላት የተሳለ ነው ብለው ጣሉት፤ የድንበር ማካለል ኮሚቴውን ሊቀመንበር ዘረኛ ነው ብለው በውሳኔያቸው ላይ በግልጽ ጻፉ። አዲሱ ካርታ 65 በመቶ ያህል ሆነ።

በ1986 ያ ክልል ክፍት ሲሆን ቦንድ ተወዳደረ። ማን ተነሣበት? ጆን ሉዊስ። የስኒክ ሊቀመንበር የነበረው፣ በአላባማዋ ሴልማ ለድምፅ መብት ሲሰለፍ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱን የተፈነከተው፣ ከቦንድ ጋር በደቡብ ገጠሮች እየዞረ ጥቁሮችን ለምርጫ ያስመዘገበው የልብ ወዳጁ። ይህን ክፍል ሳነብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቦንድ የተማረ ቤተሰብ ልጅ፣ አንደበተ ርቱዕ ነው። ሉዊስ ከአላባማ ገበሬ ቤት የወጣ፣ አንደበቱ ከበድ የሚል ሰው ነው። ሉዊስ እኔ ሠራተኛ ፈረስ ነኝ፣ እርሱ ለትርዒት የሚወጣ ፈረስ ነው አለ፤ ክርክር ላይም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እንዲያደርግ ፈተነው። ወዳጅነታቸው በዚያ ዘመቻ ተሰበረ።

በኦገስት ማጣሪያ ቦንድ 47 በመቶ፣ ሉዊስ 35 በመቶ አገኙ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ቢሆን ኖሮ ቦንድ አሸነፈ ማለት ነው። የጆርጂያ ሕግ ግን ከግማሽ በላይ ካልተገኘ መለያ ምርጫ ይደረግ ይላል። ይህ ሕግ የወጣው በ1964፣ ያ የካውንቲ አቆጣጠር በፈረሰ በማግስቱ ነው፤ የገፉበትም ሰው ጥቁሮች ድምፃቸውን አስተባብረው አንድ ዕጩ እንዳያሳልፉ የፈሩ የዘር መድልዎ ደጋፊ ሕግ አውጪ ነበሩ። በጃንዋሪ 2021 ለሁለቱ የፌዴራል ሴኔት ወንበሮች እንደገና የተሰለፍንበት መለያ ምርጫ ሥሩ ከዚያው ይመዘዛል። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1986 በተደረገው መለያ ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። አብዛኛው ጥቁር መራጭ ቦንድን ሲመርጥ፣ ነጮቹ በብዛት ለሉዊስ ሰጡ። እንዲሰመር የታገለለት ክልል፣ የተቃወመውን ዓይነት ሕግ ተከትሎ፣ ለወዳጁ ሆነ። ሉዊስ በ2020 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣም፤ በክብርም አገለገለበት።

ቦንድ ለሌላ ወንበር አልተወዳደረም። ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከ1998 እስከ 2010 ድረስም የአገሪቱን አንጋፋ የጥቁሮች መብት ድርጅት በቦርድ ሊቀመንበርነት መራ። በኦገስት 15 ቀን 2015 ፍሎሪዳ ውስጥ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተሰቡ በቀብር ፈንታ አንድ ነገር ጠየቀ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ባሕር ላይ በሚበተንበት ሰዓት፣ የሚወዱት ሁሉ ባሉበት ቦታ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ወርደው የአበባ ቅጠል ውኃው ላይ እንዲበትኑ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የጆርጂያን ካርታ ዘርግቻለሁ። የታችኛው ምክር ቤት 180 ክልል፣ ሴኔቱ ደግሞ 56 ክልል አለው፤ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ሥራቸውን የሚጀምሩት በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው፤ የሚሠሩትም 40 ቀን ነው። የቤታችሁን አድራሻ ንገሩኝና ክልላችሁን አብረን እንፈልጋለን፤ የወኪላችሁን ስምና የቢሮ ስልክ ወረቀት ላይ እጽፍላችኋለሁ። ማየት ለሚቸግራቸው እናቶች ልጆቹ ያግዙኛል።